የግራ እጅ ትንሿ ጣት

ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቷ አራት ገጽ ተኩል ጻፈች። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ ሴቭ አደረገች፤ ዘጠኝ ጊዜ ኮፒ፣ ዘጠኝ ጊዜ ደግሞ ፔስት። በአርባ አንዱም ጊዜ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ከኪቦርዱ ግራ ጥግ ያለውን ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ተጭናለች። አሥራ አራት ጊዜ እናቷ መጻፍ አቁማ ጣቷን በቀኝ እጇ አሽታለች።

ጉንዳን ይህን ሁሉ የመዘገበችው አልጋው ላይ፣ ከእናቷ ጀርባ ተቀምጣ፣ በሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ጉንዳን የቤት ስሟ ነው። ሦስት ዓመቷ ሳለ የክብሪት እንጨት ከበሩ እስከ አልጋው በአንድ መስመር ስትደረድር ያያት አጎቷ ነው ያወጣላት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስሙ ግን አልለቀቃትም፤ መደርደሩንም እሷ አልተወችውም።

«ያንቺ የቤት ሥራ መስመር መሳል ብቻ ነው እንዴ?» አለች እናቷ ሳትዞር።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እርሳስሽ ጭረት፣ ጭረት ይላል። ስትጽፊ እንደሱ አይልም።»

«ስታቲስቲክስ ነው።»

«በይ ስታቲስቲክሴ፣ ሻይ ጣጅልኝ።»

ሕመሙ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሐኪሙ ነርቭ ነው ብሏል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ቶሎ እንዳይሄድ እንሞክራለን ብሏል። እናቷ ይህን ለጉንዳን የነገረቻት በቀልድ ነበር። «ትንሿ ጡረታ ልትወጣ ነው። ቀለበት ጣትም ማመልከቻ አስገብታለች» ብላ ሳቀች። ጉንዳን አልሳቀችም።

ሁለቱ ብቻቸውን በሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሚበላውም የሚለበሰውም ከዚያ ኪቦርድ ነው የሚወጣው። እናቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታይፕ ማሠልጠኛ ገብታ ነበር። የማሠልጠኛው መምህርት ተማሪዎቹ ሲጽፉ እጃቸውን በነጭ ጨርቅ ትሸፍነው ነበር። «ዓይን ወረቀቱ ላይ፣ እጅ ቤቱ!» እያለች በመካከላቸው ትመላለሳለች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አይታ ጽፋ አታውቅም። ከኪቦርዱ ፊደላት ግማሹ ተፍቆ አልቋል፤ እሷ ግን ልብም አላለችው። ጉንዳን የጨርቁን ታሪክ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች።

አሁን በእጅ ያለው ሥራ የጋሼ ሹፌሩ አራተኛ ደብተር ነው። ጋሼ ሹፌሩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕይወታቸውን በአራት ደብተር ጽፈዋል፤ ጽሕፈታቸውን የምታነበው ግን እናቷ ብቻ ናት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህን ገጽ እየነዱ ነው የጻፉት?» ብትላቸው፣ «ቆሜ ነው ልጄ፤ መንገዱ ነው ያንገጫገጨው» አሏት። ሦስቱ ደብተር መንገድ ነው። አራተኛው ስለሞቱት ባለቤታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሳምንቱን ገጾች ቆመው ያነባሉ፤ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ይጠርጋሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ ለሐኪም ቀጠሮዋ ወጣች። ጉንዳን ትምህርት ቤት እስክትሄድ ሃያ አምስት ደቂቃ ነበራት። ኮምፒውተሩን ከፈተች።

የአቋራጭ ቁልፎች መቀየሪያውን መስኮት ያሳያቸው የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ነው። በግራ በኩል የትእዛዞች ዝርዝር አለ፤ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ትእዛዝ በየትኛው ቁልፍ እንደሚሠራ ይታያል። የማይመችህን አጥፍተህ የሚመችህን ትሰጣለህ። «አሮጌው መንገድ ክፍት ከሆነ እግር አዲሱን አይለምድም» ብሎ ነበር መምህሩ፤ ጉንዳንም ይህን አስምራበት ጽፋዋለች።

ሴቭን፣ ኮፒንና ፔስትን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ስህተት እንደሆነ ታውቃለች። በሳይንስ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሴቭ ስለሆነ ከሴቭ ጀመረች። ኮንትሮልና ኤስን አጠፋች፤ በምትካቸው ኤፍ ዘጠኝን ሰጠች። ኤፍ ዘጠኝ ከላይ በቀኝ በኩል ነው፤ ደህነኛው እጅ በአንድ ጣት ይደርስበታል። ከዚያ ሞከረችው። «ሀ» ብላ ጻፈች፣ ኤፍ ዘጠኝን ተጫነች፣ ዘግታ ከፈተች። «ሀ» ቦታዋ ላይ ነበረች። አጥፍታት እንደገና ኤፍ ዘጠኝን ተጫነች። ቀጥላ ኮንትሮልና ኤስን ሞከረች። ምንም። ጥሩ።

ከአረንጓዴ ስቲከር ክብ ቆርጣ ኤፍ ዘጠኝ ላይ ለጠፈች። እማ አይታ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ትላለች፤ ማታ አብረን እንስቃለን፤ ነገ ኮፒን እቀይራለሁ። እንዲህ እያሰበች ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ልቧ ቀላል ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ጉንዳን ቤት ስትደርስ መብራቱ ተመልሶ ነበር። እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ስክሪኑን ታያለች። በስክሪኑ ላይ ያለው ገጽ የሚያልቀው ሰኞ የቆመችበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

«እማ?»

«አሥራ ሰባት ገጽ» አለች እናቷ። «ከሐኪም ቤት መጥቼ እስከ መብራት መጥፊያ የጻፍኩት። አሥራ ሰባት።»

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን ክፍል እናቷ ገና አምና ነበር ያጠፋችው፤ በየአሥር ደቂቃው እየቆመ ሲያስቸግራት። ስለዚህ ጣቶቿን ነው ያመነችው።

«ሲጠፋ እንኳ አልደነገጥኩም እኮ» አለች። «አሁን ሴቭ አድርጌያለሁ ብዬ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ለካ አልተጫነችም። እኔ ተጫንኩ እላለሁ፣ እሷ አትጫንም። ቀኑን ሙሉ ስትዋሸኝ ውላለች።»

ትንሿን ጣት በቀኝ እጇ ይዛ፣ የሰው ዕቃ ይመስል ከዓይኗ አራቅ አድርጋ አየቻት።

ጉንዳን ግን ያየችው ኪቦርዱን ነው። አረንጓዴው ስቲከር ቦታው ላይ አለ፤ ከእናቷ ክንድ ቢበዛ አንድ ስንዝር። ኮፒ ወይም ፔስት ቢሆን ኖሮ አለመሥራቱ ወዲያው ይታይ ነበር። ሴቭ ግን ሲሠራም ሳይሠራም ድምፅ የለውም፤ ስክሪኑ ላይም የሚለወጥ ነገር የለም። ይህንን አላሰበችበትም። የእናቷ ዓይን የት እንደሚያርፍም አላሰበችም። ጣት ስትቆጥር ዓይን አልቆጠረችም።

«እማ…»

«አሁን አይሆንም፣ ልጄ። አሁን ምንም አታውሪኝ።»

ያንን ቃል እንደ ፈቃድ ወሰደችው። እናቷ ጋደም ስትል ቁጭ ብላ ሁሉንም እንደነበረው መለሰች። ሦስት ደቂቃ ፈጀባት። ስቲከሩን በጥፍሯ ላጠችው። ሙጫው ግን ቁልፉ ላይ ቀረ፤ ሲነኩት ይይዛል።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ለራዲዮ ነገረቻት። ራዲዮ አብራት የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ ክፍሉ ሁሉ እንዲህ የሚጠራት ባትሪዋ አልቆ ስለማያውቅ ነው።

«መልሰሽዋል አይደል?» አለች ራዲዮ።

«መልሻለሁ።»

«በቃ፣ አለቀ! አቦ አታካብጂ። አንቺ ካልተናገርሽ ኮምፒውተሩ አይናገር።»

«ጣቷ የከዳቻት ነው የመሰላት።»

«ጣቷ ታማለች አላልሽም? ዛሬ ባትከዳት ነገ መክዳቷ አይቀርም። ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ፋራ አትሁኚ፤ ብትነግሪያት ሁለት ኀዘን ነው የሚሆንባት። አንዱን ለምን ትጨምሪባታለሽ?»

ራዲዮ ክፉ ልጅ አይደለችም። የተናገረችውም ግማሹ እውነት ነው። ጉንዳንን ያስቸገራት ያ ግማሹ ነበር።

ረቡዕ እናቷ ኮምፒውተሩን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ሐሙስ ራት ላይ ትንሿን ጣት በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ስትጭን ጉንዳን አየቻት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች። ስድስት ላይ ጣቷ ተንሸራተተች። «አንቺ ከሃዲ» አለቻት እናቷ ቀስ ብላ። ዓርብ ማታ ለታናሽ እህቷ ደወለች።

«ሱቁ ላይ ሰው ያስፈልገኛል ብለሽኝ አልነበር?… አይ፣ ለማንም አይደለም። ለራሴ ነው… መጻፉማ በቃኝ… ምን አደርጋለሁ? ቁጭ ብዬ ዕቃ ፌስታል ውስጥ መክተት አያቅተኝም።»

ጉንዳን ማድ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ነበር። አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ ሹፌሩ እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ አንኳኩተው ገቡ። እናቷ አራተኛውን ደብተር በሲባጎ አስራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«ምነው፣ ዛሬ ወረቀት የለም?» አሉ ጠረጴዛውን እያዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። አልጨረስኩም። አልጨርስምም።»

«ጽሕፈቴ ባሰብሽ?»

«ጽሕፈትዎን ለምጄዋለሁ። እጄ ነው። አሥራ ሰባት ገጽ አጠፋብኝ። በማላምነው እጅ የሰው አደራ አልይዝም። ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ።»

«ሌላ?» አሉ ሹፌሩ። «ባለፈው ለአንዱ ባሳየው ‹አባባ፣ ይህን መድኃኒት ያዘዘልዎ የትኛው ሐኪም ነው?› ብሎኛል።»

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ደብተሩን አንስተው ከኮታቸው ኪስ ያወጡትን ፌስታል ይፈቱ ጀመር። ፌስታሉ አልከፈት አላቸው። በጣታቸው ጫፍ ሲፈትጉት ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ጉንዳን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው በር ላይ ቆማለች።

«እማ» አለች። «ትንሿ ጣትሽ ተጭናለች።»

እናቷ ዞር አለች።

«ማክሰኞ ዕለት ሁልጊዜም ተጭናለች። አልዋሸችሽም። እኔ ነኝ። ጠዋት ሐኪም ቤት ስትሄጂ የሴቩን ቁልፍ ቀየርኩት፤ አሮጌውን አጥፍቼ። እንዳያምሽ ብዬ ነው። ማታ መልሼ አስተካከልኩት። አንቺ ግን ተጭነሻል።»

የፌስታሉ ድምፅ ቆመ። ሹፌሩ ደብተሩን ካነሡበት ቦታ መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ ደጅ ልቁም» አሉ። «ሞተር አጥፍቼ ነው የምጠብቀው፤ አትቸኩሉ።»

በሩ ተዘጋ። እናቷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ፤ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ።»

«አራት ቀን» አለች እናቷ። ድምፅዋ አልጨመረም። «አራት ቀን ሙሉ እጄን ስሰድባት እየሰማሽ?»

«አዎ።»

እናቷ ትንሿን ጣት በቀኝ እጇ ሸፈነቻት።

«ስትቀይሪው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስቲከሩን አይተሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ።»

«የት ያለውን ስቲከር?»

«ኪቦርዱ ላይ።»

እናቷ ነጩን ጨርቅ ገልጣ ኪቦርዱን አየችው፤ እንግዳ ቤት የገባ ሰው ግድግዳ እንደሚያይ ቁልፍ በቁልፍ አየችው። ኤፍ ዘጠኝን በአመልካች ጣቷ ነካችው፤ ሙጫው ያዝ አደረጋት። ሳቋ አመለጣት። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ጉንዳን ልትጠጋ ስትል በእጇ ከለከለቻት፤ ብቻዋን አልቅሳ ብቻዋን ጨረሰች።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለች በመጨረሻ፤ ከወንበሩ ተነሥታ።

ጉንዳን ተቀመጠች። እናቷ ነጩን ጨርቅ በጉንዳን እጆች ላይ ጣለችው።

«ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የፈለግሽውን። ዓይንሽ ግን ስክሪኑ ላይ።»

ጉንዳን አንድ ደቂቃ ጻፈች። አምስት ቃል ወጣ፤ ሦስቱ የማንም አገር ቋንቋ አልነበሩም።

«አየሽ?» አለች እናቷ። «እኔ የምኖረው እዚያ ጨርቅ ሥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት። አንቺ ሳትነግሪኝ የቤቴን በር ወደ ሌላ ግድግዳ አዞርሽው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ አሮጌውን ግድግዳ ሳንኳኳ ዋልኩ።»

«እኔ ልጻፈው፣ እማ። አሥራ ሰባቱን ገጽ። በቀን ሁለት ሁለት ብጽፍ…»

«ጽሕፈታቸውን ታነቢዋለሽ?»

«አላነበውም።»

«ስለዚህ አትጽፊውም።» እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔም ያልነገርኩሽ አለ። ማክሰኞ ሐኪሙ ቀለበት ጣቷም ጀምራለች ብሎኛል። ከሷ ቀጥሎ መሃለኛዋ። ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት እሱም አያውቅም። ያንን ሰምቼ መጥቼ ነው የጻፍኩት። ለዚህ ነው ጣቴ ናት ለማለት አንድ ደቂቃ እንኳ ያልፈጀብኝ።»

ጉንዳን ጨርቁን አጠፈች። ለአራት አጠፈችው፤ ከዚያ ለስምንት። የምትቆጥረው ሌላ ነገር አጣች።

«እንግዲህ ቁልፉን የቀየርሽበትን መስኮት ክፈቺው» አለች እናቷ።

ጉንዳን ከፍታው ከወንበሩ ተነሣች። እናቷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጇን በቦታዋ አሳረፈች፤ ከዚያ መሃለኛ ጣቷን ሳትቸኩል ወደ ላይ ዘረጋች። ጣቷ ያረፈችው ኤፍ ዘጠኝ ላይ አልነበረም።

«እዚህ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ኤፍ ስምንት።»

«ሴቭ እዚህ ይሁን። አሮጌውንም እንዳትነኪው፤ ሁለቱም ክፍት ይሁኑ።»

ጉንዳን ኤፍ ስምንትን ሰጠች። ኮንትሮልና ኤስን አልነካችም። እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ አሥር ጊዜ ተጫነች፤ ሰባቱን አገኘችው፣ ሦስቱን ሳተችው። ከዚያ ወደ በሩ ተጣራች።

«ጋሼ! ይግቡ።»

ሹፌሩ በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። «መንገዱ ተከፈተ?»

«በአንድ በኩል» አለች እናቷ። «ቀስ ብለን ነው የምናልፈው። ደብተሩን እዚያው ይተዉት።»

ለጉንዳን በዚያ ቀን ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። በሚቀጥለው ሳምንትም አላለችም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ለቀጠሮዋ ስትወጣ «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ፤ ሐኪሙን የምትጠይቂው ካለ ጠይቂ» አለቻት። ጉንዳን አሥራ አንድ ጥያቄ ጽፋ ሄደች። ሐኪሙ ለአራቱ መልስ ነበረው።

አራተኛው ደብተር ሰባት ሳምንት ፈጀ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። ጉንዳን የሒሳብ ደብተሯን ይዛ እናቷ አጠገብ ቆመች።

«ልቁጠር?»

«ቁጠሪ። ከጀርባዬ ግን አይደለም፤ ወንበርሽን እዚህ አምጪ።»

ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቷ ሦስት ገጽ ጻፈች። የመጨረሻው ገጽ መጨረሻ ላይ ጋሼ ሹፌሩ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው የጠበቋቸውን ሌሊቶች ቁጥር አስፍረዋል፤ እናቷ ያንን ቁጥር ጽፋ አራት ነጥብ አደረገች። ቀኝ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። ወደ ጥግ፣ ወደ ታች ሄደች፤ አንድ ጊዜ ከቁልፉ ጠርዝ ተንሸራታ እንደገና ወጣች። ቀለበት ጣት ኤስ ላይ ሆና ጠበቀቻት። ጉንዳን እጇን ልትሰድ ፈልጋ ነበር፤ አልሰደደችም። የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አየች።

ከዚያ እናቷ ፋይሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ሁለቱም የመጨረሻዋን መስመር አዩ።

ጉንዳን ጻፈች፦ ኤፍ ስምንት፣ ሃያ ጊዜ። ኮንትሮልና ኤስ፣ አንድ ጊዜ፤ ስድስት ሰከንድ፤ ተቀምጧል።